ደብዳቤ የሚመጣበት ቤት

ውባለም የሕፃናት መዋያ ረዳትነቷን ትታ አድራሻ አራሚ የሆነችው በፈረንጆቹ 2008፣ ለሕዝብ ቆጠራው ሽር ጉድ ሲባል ነው። ሥራውን መጀመሪያ ስትሰማ ሳቀች።

"ቤት እንደሆነ ቆሟል፤ አድራሻው ምኑ ይታረማል?" አለችው አለቃዋን አቪራንን።

"ቤቱማ ይቆማል። ሰዉ ነው የማይቆመው" አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ዓመት ቆጠራው እንደ ድሮው የአገሩን በር ሁሉ እያንኳኩ የሚደረግ አልነበረም። መንግሥት በእጁ ካለው የነዋሪዎች መዝገብ ይነሣል፤ ከዚያ ጥቂት ቤቶችን ጠይቆ የቀረውን ያስተካክላል። መዝገቡ ግን ሰው የተመዘገበበትን እንጂ የሚያድርበትን አያውቅም። አግብታ ሦስት የወለደች ሴት በመዝገቡ አሁንም እናቷ ቤት ናት። አዲስ ገቢዎች ያረፉበት፣ ካራቫን የሚባሉት ጊዜያዊ ቤቶች ሰፈር ፈርሶ ሣር ከበቀለበት በኋላ እንኳ በወረቀት የሚኖሩበት ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ የውባለም ሥራ ካርታዋን ይዛ መዞር፣ ሕንፃውን፣ መግቢያውንና በሩን አንድ በአንድ ማስተያየት፣ በሩን ከፍቶ ያናገራትንም "ማን ይኖራል?" ብሎ መጠየቅ ነበር። ከመጀመሯ በፊት የሰማችውን ለማንም እንዳትናገር ምላ ፈርማለች።

ሥራውን ወደደችው። ጊሎ ሰፈር ካለው ቤቷ ጠዋት ወጥታ በእግሯ ስትዞር መዋሏ፣ ደረጃ ስትወጣ ከየበሩ የሚመጣው የወጥ ሽታ፣ የማታውቀው ሰው "ግቢ፣ ተቀመጪ" ሲላት፣ ሁሉም ደስ ይላታል። አማርኛዋ የጎንደር ስለሆነ፣ ዕብራይስጡም እስራኤል ከገባች በኋላ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ስለተሳካላት፣ አቪራን የእኛ ሰው የበዛበትን ሰፈር ለእሷ ሰጣት። መጀመሪያ የደረሳት ቂርያት መናሔም ነው።

እዚያ፣ ከአንድ ግራጫ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አባ ጎበዜን አገኘች። አባ ጎበዜ ከወገራ የመጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ናቸው። ባርኔጣቸውን ቤት ውስጥም አያወልቁም። አስገቧት፤ ወንበሩን በእጃቸው ጠርገው አስቀመጧት።

"እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል፣ አባ?"

"አራት" አሉ፤ አላመነቱም። "እኔ፣ ሰይፉ፣ እናና፣ ፕኒና።"

"ልጆቹ ሁሉም እዚህ ያድራሉ?"

"የት ሊያድሩ ኖሯል?"

መዝገቡም የሚለው ይህንኑ ነው። ውባለም ግን ስትገባ ከበሩ አጠገብ ያየችው አንድ ጥንድ ጫማ ነው፤ ከማጠቢያው ላይ የተደፋውም ብርጭቆ አንድ ብቻ። አባ ጎበዜ ዓይኗን ተከትለው ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ተነሥተው የልጆቹን ክፍል ከፍተው አሳዩዋት። አልጋዎቹ ለእንግዳ እንደሚነጠፍ አልጋ ጥብቅ ተደርገው ተነጥፈዋል። ትራሶቹ ላይ የራስ ምልክት የለም።

"አባ" አለች ቀስ ብላ፣ "አልጋዎቹ የተኛባቸው ሰው ያለ አይመስሉም።"

ሽማግሌው አንዱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ወጥተዋል" አሉ። "ሰይፉ አግብቶ ጊሎ ነው። እናና ባሏን ተከትላ አሽዶድ ወረደች። ትንሿ፣ ፕኒና፣ ነርስነት ትማራለች፤ ከተማ ውስጥ ነኝ ትላለች፤ የቱ ቤት እንደሆነ በውል አላውቀውም።"

"ታዲያ ለምን አራት ነን አሉኝ?"

"ደብዳቤያቸው እዚህ ነዋ የሚመጣ! ከባንኩ፣ ከጦሩ፣ ከሐኪም ቤቱ። ሲመጣ እደውላለሁ። 'ደብዳቤ መጥቶልሃልና ና ውሰድ' እላለሁ። ይመጣል። ከመጣ ደግሞ ምሳ በልቶ ነው የሚሄደው። አንቺ አሁን አድራሻውን ካዛወርሽው ደብዳቤውም አብሮ ይዛወራል። እኔ ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልደውል?"

"ናፈቃችሁኝ ይበሏቸዋ።"

አባ ጎበዜ ቀና ብለው አዩዋት። "አባት ለልጁ እንዲህ ይላል?"

ውባለም ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ግን የሰውየውን ፊት አይታ ሳቋን ያዘችው። የራሷም አባት እንዲሁ ነበሩ። ወንበሯን ወደ አልጋው ሳብ አድርጋ አስረዳቻቸው። ደብዳቤ የሚላክበትን አድራሻ የሚይዘው ሰዉ ሚስራድ ሃፕኒም የሚለው የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። የቆጠራው ሰዎች ያገኙትን ለዚያ መሥሪያ ቤትም ቢሆን አያሳዩም፤ ሕግ ይከለክላቸዋል። ቆጠራው ልጆቹን ባሉበት ያውቃቸዋል፤ ደብዳቤው ግን እንደ ቀድሞው እዚሁ ይመጣል።

"መንግሥት ከመንግሥት ይደባበቃል?"

"በዚህስ ይደባበቃል፣ አባ።"

አላመኗትም፤ ሆኖም የልጆቻቸውን ስልክ ቁጥር ሰጧት። "ስለነሱ እነሱኑ ጠይቂ" አሉ። ደረጃው ድረስ ሲሸኟት "ከዚህ ቀጥሎ የት ነሽ?" አሏት።

"ከእሑድ ጀምሮ ርሖቭ ኢትዮጵያ። መሃል ከተማ፣ የሐበሾቹ ቤተ ክርስቲያን ያለበት መንገድ።"

"እህ" አሉና በሩን ዘጉ።

ሰይፉ ስልኩን ሲያነሣና ለምን እንደደወለች ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ፤ የጊሎውን ቤቱን ነገራት። እናናም እንደዚያው የአሽዶዱን። ፕኒና ግን "ብቻሽን በሩን አታገኚውም፤ ወጥቼ እጠብቅሻለሁ" አለቻት፤ ያለችበትንም መንገድ ስትነግራት ውባለም ደነቃት። ርሖቭ ኢትዮጵያ ነበር።

መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ረጅም የድንጋይ አጥር ነው፤ ከአጥሩ በላይ ጥዶች ብቅ ብቅ ይላሉ። መሃሉ ላይ የገዳሙ በር አለ፤ ከውስጥ ጥቁሩ ጉልላት ይታያል። ቤቶቹ ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩ ናቸውና በየጊዜው ተቆርሰዋል፣ ተቀጥለዋል። ግምጃ ቤት የነበረው መኖሪያ ሆኗል፤ መኖሪያ የነበረው ተዘግቷል። ፕኒና ውባለምን ከአንድ ትልቅ ቤት ጎን አሳልፋ፣ የተሰጣ ልብስ አስጎንብሳ፣ ከጓሮው ወዳለች አንዲት ክፍል አስገባቻት። በሩ ቁጥር የለውም። በካርታው ላይ ያ ጓሮ ባዶ ቦታ ነበር።

ፕኒና ረዘም ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ልጅ ናት። እዚሁ አገር ስለተወለደች አማርኛው ሲጠፋባት በዕብራይስጥ ትሞላዋለች። "ብሴደር" አለች፣ "እሺ ማለቴ ነው፣ ጻፊ፤ እዚህ ነው የምኖረው። አባዬ ግን ምን አለሽ?"

"ያሉትን ልነግርሽ አልችልም።"

"አራት ነን አለሽ አይደል?" ፕኒና ሳቀች። "አድራሻ መቀየር እኮ ቀላል ነው። ሦስታችን ተመካክረን ነው የተውነው። እማዬ ከሞተች ወዲህ አባዬ ስልክ አንሥቶ 'ደህና ናችሁ' ማለት አያውቅም። ደብዳቤ ሲኖር ግን ድምፁ ሌላ ነው! እኔ እንዲያውም ሱቅ ገብቼ አድራሻሽ ሲሉኝ የእሱን ነው የምሰጠው፤ ማስታወቂያ እንዲበዛ ብዬ። እንዳትነግሪው ብቻ።"

ውባለም እርሳሷን ይዛ ቀረች። አባት ልጆቹ እንዳያውቁበት ይደብቃል፤ ልጆቹ አባታቸው እንዳያውቅ ይደብቃሉ፤ እሷ ደግሞ የሁለቱንም ይዛ መሃል ቆማለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና ከንፈሯን ነከሰች።

"ወደዚህ ጠርተሻቸው አታውቂም?" አለች በመጨረሻ።

ፕኒና መስኮቱን አሳየቻት። መስኮቱን የሞላው የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ነው። "አባዬ፣ አገር ቤት ሳሉ ቤተ እስራኤል በመሆናቸው ከክርስቲያኖቹ የደረሰባቸውን ሲያወራ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ልጄ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቤት ተከራየች ሲል ምን ይሰማዋል? ከተማ ውስጥ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ።"

ከዚያ ወዲያ ውባለም ሳምንቱን በመንገዱ ላይ ከቤት ቤት ስትል ሰነበተች። አንድ ረፋድ ላይ፣ የአንዱን አጥር መግቢያ ከካርታው ጋር ስታስተያይ፣ የነቢያት መንገድ ከሚባለው ጎዳና በኩል ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ቀስ እያሉ ሲመጡ አየች። አባ ጎበዜ ናቸው። የሰንበት ኮታቸውን ለብሰዋል፤ በአንድ እጃቸው ፖስታ፣ በሌላው ፌስታል ይዘዋል።

"አባ! ምነው? ምን ሆኑ?"

"አንቺን ፍለጋ ነው" አሉ፤ ደክሟቸዋል። የያፎ መንገድ ለባቡሩ ሐዲድ ተቆፋፍሮ ስለነበር አውቶቡሱ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ጋ አውርዷቸው በእግራቸው ነው የመጡት። "ለፕኒና ደብዳቤ መጣ። ብደውል ብደውል አታነሣም። ፈተና ላይ ነኝ ብላ ነበር፤ እንጃ። አንቺ አግኝተሻታል፤ ቤቷን ታውቂያለሽ። ውሰጂኝ።"

ቤቱ ከቆሙበት እዚያው ማዶ ነው። ውባለም ወደዚያ እንዳታይ ዓይኗን ካርታው ላይ ተከለች።

"አባ፣ ማን የት እንደሚኖር ብናገር መሐላዬን አፈረስኩ። ለአባትም ቢሆን።"

"ልጄን ነው'ኮ የምልሽ!"

"አውቃለሁ። የእርስዎንም ነገር ለማንም አልተናገርኩም።"

ይህን ሲሰሙ አባ ጎበዜ መለስ አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሱስ ልክ ነሽ" አሉ። "መሐላ መሐላ ነው። በይ እንግዲህ ትንሽ ዐርፌ ልመለስ።"

የቆሙት ከገዳሙ በር አጠገብ ነበር፤ ጥላ ያለውም እዚያ ብቻ ነው። ንግግራቸውን ከውስጥ የሰሙ አንዲት መነኩሴ ወጡ፤ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ይባላሉ። ውባለም በሥራዋ ሳቢያ ሰላም ብላቸው ታውቃለች። አንድም ቃል ሳይጠይቁ ወንበር አምጥተው ከጥላው ሥር አኖሩ። ተመልሰው ገብተው ደግሞ የላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይዘው ወጡ።

"ያልተከፈተ ነው፤ ራስዎ ይክፈቱት" አሉ።

አባ ጎበዜ ጠርሙሱን አዩ፤ መነኩሴዋን አዩ። አገር ቤት ሳሉ ቤተ እስራኤሎች ከሌላ ሃይማኖት ሰው እጅ ምግብና ውኃ እንደማይቀበሉ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚል። "ከወዴት ነዎት?" አሏቸው አባ ጎበዜ መነኩሴዋን።

"ከወገራ። ከኮሶዬ ወረድ ብሎ።"

"ኧረ!"

ውባለም ይህን ጊዜ አንድ ነገር መጣላት። ያለችበትን አልናገርም እንጂ መልእክት አላደርስም ብላ አልማለችም! "አባ፣ እዚሁ ይጠብቁኝ፤ መጣሁ" ብላ ተሻግራ ሄደች። ወዴት እንደምትገባ እንዳያዩ በላይኛው በኩል ዞራ፣ በጓሮው አድርጋ፣ የተሰጣውን ልብስ ገልጣ በሩን ደበደበች።

ፕኒና ዓይኗ በእንቅልፍ አብጦ ከፈተች። ሌሊቱን ስታጠና አድራ ስልኳን ዘግታ ተኝታ ነበር።

"አባትሽ መንገዱ ላይ ናቸው። ቤትሽን አልነገርኳቸውም። መውጣትም መተውም የአንቺ ነው።"

"የት ጋ?"

"ገዳሙ በር ላይ፣ ተቀምጠው።"

"ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ? አባዬ?" ፕኒና በነጠላ ጫማ እንደሆነች ሮጠች፤ ውባለምም ተከተለቻት።

ሲደርሱ የጠበቁትን አላገኙም። አባ ጎበዜ ጠርሙሱን አጋምሰው፣ እማሆይ ደግሞ ከድንጋዩ ደፍ ላይ ተቀምጠው፣ ስለ ወገራ ጉም ይጫወታሉ።

"እናቴ ድስት የምትገዛው ከእናንተ መንደር ነበር" ይላሉ እማሆይ። "የሌላው እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል ትል ነበር።"

"አፈሩ ነው እንጂ!" ይላሉ አባ ጎበዜ። "አፈሩን የሚመርጡት ሴቶቹ ናቸው። ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና፣ አፈር በምላሷ ቀምሳ ታውቅ ነበር።"

"አባዬ!" አለች ፕኒና።

አባ ጎበዜ ዘወር አሉ። ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ነጠላ ጫማዋን፣ ያልተበጠረ ጠጉሯን። "ከየት መጣሽ?"

ፕኒና በእጇ ወደ ማዶ አመለከተች። "እዚህ ነው የምኖረው፣ አባዬ። ከዚያ አጥር ጀርባ።"

"እዚህ? በዚህ መንገድ?"

"ቅር ይልሃል ብዬ ነው ያልነገርኩህ።"

ሽማግሌው ተነሡ፤ እማሆይን "እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። ፌስታላቸውን ለልጃቸው አስያዙ። ውባለም ልትለይ ስትል እጇን ያዙና "አንቺም ነይ፤ አሁን እኔው ነኝ የምጠራሽ" አሏት።

ክፍሏ ጠባብ ናትና አባ ጎበዜ አልጋው ላይ፣ ውባለም ብቸኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፕኒና እንቁላልና ቲማቲም ልትጠብስ ምድጃውን ለኮሰች። በፌስታሉ ውስጥ ሮማን ነበር፤ አባ ጎበዜ ማሃኔ ይሁዳ ሲወርዱ የገዙት። አንዱን ፈልቅቀው ለሁለቱም ሰጧቸውና መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ፕኒና ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ጆሮዋ ግን እሳቸው ዘንድ ነው።

"ሌሊት ሲቀድሱ ይሰማሻል?"

"አንዳንዴ። ግዕዙ... ምን እንደሚል አላውቅም።"

"ግዕዝ የኛም ነው" አሉ። "ቄሶቻችን የሚጸልዩበት ነው። እዚህ ሆነሽ ስትሰሚው የአያትሽን ድምፅ አስቢ።" ከዚያ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ምንም አላሉም። ፕኒና እንቁላሉን ማማሰል እስክትረሳ ድረስ ቆማ ቀረች፤ ውባለም ተነሥታ እሳቱን ቀነሰችላት።

ከበሉ በኋላ አባ ጎበዜ ፖስታውን አወጡ። ፕኒና ከፍታ አነበበችው። የመጋረጃ መሸጫ ማስታወቂያ ነው፤ ቅናሽ አለ ይላል። ፊቷን ኮስተር አደረገች። "ጥሩ አደረግህ አባዬ፤ በጣም የሚያስፈልገኝ ነገር ነው።"

"መጋረጃው?"

ፕኒና ደነገጠች።

"የማኮሌቱ ባለሱቅ ሁሉን ያነብልኛል፤ ከፎቁ ሥር ነው ያለው" አሉ አባ ጎበዜ። "መጋረጃ መሆኑን እያወቅሁ ነው የመጣሁት። ስልክ አላነሣ ስትይኝ ጊዜ ሌላ ምን ይዤ ልምጣ?"

ፕኒና መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ሦስቱም መመካከራቸውን፣ ሆን ብለው አድራሻ አለመቀየራቸውን፣ ማስታወቂያው እንዲበዛ በየሱቁ የሳቸውን አድራሻ መስጠቷን። አባ ጎበዜ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ።

"ሦስታችሁም?"

"ሦስታችንም።"

"ያ ሰይፉም? ደብዳቤ አለ ስለው 'ምን ይሆን አባዬ?' እያለ የሚደነግጠው?"

"እሱ ነው እንዲያውም ሐሳቡን ያመጣው።"

ሽማግሌው መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ከሆዳቸው ነበር፤ ባርኔጣቸው ወደቀ። ውባለም ያን ሁሉ ቀን ይዛው የከረመችው ሳቅ አብሮ ገነፈለና እሷም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አባ ጎበዜ ዓይናቸውን ጠርገው "አምጪ ስልክሽን" አሏት ፕኒናን። "ለሰይፉ ደውይልኝ።"

ደወለችና ሰጠቻቸው። "ሰይፉ? ደህና ነህ? አይ፣ ደብዳቤ አልመጣም። ዛሬ የምመጣው እኔ ነኝ። ለሚስትህ ንገራት።" ከዚያ ወዲያኛው ወገን ምን እንዳለ አልተሰማም፤ እሳቸው ግን ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ፈገግ እንዳሉ ቆዩ።

ወደ ጊሎ የሚሄደውን አውቶቡስ ፕኒና ራሷ ልታሳፍራቸው ወጣች። ውባለም ከኋላቸው አየቻቸው፤ ልጅቱ አሁን ጫማ አድርጋለች፤ አባትዋን በክንዳቸው ይዛ ቀስ እያለች ትሄዳለች። እሳቸው በየአጥሩ ጋ እየቆሙ "ይህስ የማን ቤት ነው?" ይላሉ።

ውባለም ካርታዋን አወጣች። ባዶ በነበረው ጓሮ ላይ አንዲት በር ሣለች፣ መግቢያው ከየት እንደሆነ በቀስት አመለከተች። ቀኑ ገና ነበር፤ ከላይ ከነቢያት መንገድ በኩል ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይነፍሳል። ወደ ገዳሙ በር ስትመለስ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ወንበሩን ሊያስገቡ መጥተዋል።

"እኛንስ የሚጽፈን የለም?" አሏት። "በካርታሽ አንድ በር ብቻ ነን አሉ። ውስጡ እኮ መንደር ነው! የእማሆዮቹ ክፍል በዚህ፣ የአባቶች በዚያ፣ ከውኃ ጉድጓዱ ጀርባ ደግሞ ሌላ አለ።"

"ልጽፋችሁ ነው የመጣሁት፣ እማሆይ" አለች ውባለም፤ ወንበሩን ተቀብላ ተሸከመችላቸው። "ከየትኛው እንጀምር?"

"ከእኔው" አሉ እማሆይ፣ እየመሯት ገቡ።